የእንጨት ታንኳና የባልንጀሮች ርዳታ

ታንኳ በውሃ ላይ ሰውንና ሸክምን የምታሻግር ትንሽ ጀልባ ናት። የምትሠራውም አገሩ በሚያበቅለው ነገር ነው። በጣና ሐይቅ ዳር ደንገል ስለሚበቅል፥ የዚያ አገር ሰዎች ደንገሉን አጭደው፥ በፀሐይ አድርቀውና በገመድ ጠፍረው ታንኳ ይሠራሉ። ይህች ታንኳ ውሃ እየጠጣች ስለምትከብድ፥ ከአገልግሎት በኋላ ወደ ደረቅ አውጥተው ያሰጧታል፤ ያም ሆኖ ዕድሜዋ አጭር ነው። ታላላቅ ዛፍ ባለበት አገር ደግሞ ሰዎች አንድ ግንድ ቈርጠው፥ ውስጡን ፈልፍለው ታንኳ ያደርጉታል። እኛ ግን አሁን የምንናገረው በሰሜን አሜሪካ ስለምትሠራው የእንጨት ታንኳ ነው፤ ይህችውም ከብዙ ቀጫጭን እንጨት ተጋጥማ የምትሠራ ናት። አሠራርዋን ብቻ ሳይሆን፥ ሰዎች በሥራዋ እንዴት እንደሚረዳዱም እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በጥንት ዘመን በሰሜን አሜሪካ ደንና ወንዝ መካከል የሚኖሩ የአገሩ ተወላጆች ታንኳቸውን በርች ከሚባለው ዛፍ ቅርፊት ይሠሩ ነበር። ይህ ቅርፊት ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ ውሃም አያሳልፍም። ሠሪው ቅርፊቱን ከዛፉ ላይ በጥንቃቄ ገፎ በመሬት ላይ ይዘረጋዋል፤ በዙሪያው ካስማ ተክሎ ግራና ቀኙን ወደ ላይ ያቆመዋል፤ መጋጠሚያውንም እንደ ክር በሚያገለግል የዛፍ ሥር ይሰፋዋል። ከዚህ በኋላ ሴዳር የሚባለውን ቀላል እንጨት ሰንጥቆ፥ በፈላ ውሃ አለስልሶ፥ እንደ ጐድን አጥንት አጕብጦ በውስጡ ያስገባዋል። በመጨረሻም ስፌቱን በዛፍ ሙጫና በስብ ድብልቅ ይደፍነዋል። በታንኳይቱ ላይ አንድ ምስማር እንኳ አይገባም። እንዲህ ያለች ታንኳ ቀላል ስለ ሆነች፥ ሰው በትከሻው ተሸክሟት ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ብትቀደድም ከዚያው ከደኑ ቅርፊትና ሙጫ አግኝቶ ይጠግናታል።

ይህ ጥበብ በመጽሐፍ የተጻፈ አልነበረም፤ አባት ለልጁ፥ ሽማግሌ ለጐልማሳ በእጁ እያሳየ ያስተምረው ነበር እንጂ። ዳሩ ግን የተወላጆቹ መሬት በሰፋሪዎች ስለ ተያዘና የቀድሞ አኗኗራቸው ስለ ተናወጠ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ ታንኳ ሠሪዎቹ እያነሱ ሄዱ። ያልተጻፈ ጥበብ የሚኖረው በሰው እጅና በሰው ልብ ነው። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ሳያስተምር በሞተ ጊዜ ጥበቡ አብሮት ይቀበር ነበር።

በ1887 ዓ.ም. ኤድዊን ታፓን አድኒ የሚባል ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው አሜሪካዊ ጐልማሳ በካናዳ ወዳለው ወደ ኒው ብረንስዊክ አገር ለዕረፍት መጣ። በዚያም ከወላስቶቂይክ ሕዝብ ወገን የሆነ ፒተር ጆ የሚባል ታንኳ ሠሪ አገኘ። ፒተር ጆ እንግዳውን ልጅ አላባረረውም፤ ጥበቡንም አልሸሸገበትም፤ በአጠገቡ አድርጎ አስተማረው። አድኒም የተማረውን ለብቻው አልያዘውም። በ1890 ዓ.ም. የቅርፊት ታንኳ እንዴት እንደምትሠራ ለልጆችና ለወጣቶች በሚታተም መጽሔት ላይ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከሌሎች ሠሪዎች እየጠየቀ፥ እየለካና ሥዕል እየነደፈ ኖረ። የልዩ ልዩ ነገዶችን ታንኳ በአምስት እጅ አሳንሶ ከ100 የሚበልጡ ትንንሽ ምሳሌዎች ሠራ፤ እነዚህም ዛሬ በአሜሪካ በቨርጂኒያ በኒውፖርት ኒውስ ከተማ ባለው የባሕረኞች ሙዚየም ይገኛሉ።

አድኒ መጽሐፉን ሳይፈጽም በ1950 ዓ.ም. ሞተ። ነገር ግን ሃዋርድ ቻፔል የሚባል የመርከብ ዐዋቂ የተበታተነውን ጽሑፍና ሥዕል ሰብስቦ አዘጋጀው፤ የስሚዝሶንያን ተቋምም በ1964 ዓ.ም. አሳተመው። ዛሬ የቅርፊት ታንኳ ለመሥራት የሚሹ ሰዎች ይህን መጽሐፍ ይመረምራሉ። እንግዲህ ልብ በሉ። ጥበቡ የተወላጆቹ ነበር፤ ፒተር ጆ ለአድኒ አካፈለው፤ አድኒ በወረቀት ጻፈው፤ ቻፔል ሰብስቦ ለሁሉ አደረሰው። ከነዚህ ሦስት ሰዎች አንዱ እጁን ሰብስቦ ቢቀመጥ ኖሮ፥ ብዙው ነገር ጠፍቶ በቀረ ነበር።

በዚያው ዘመን ከሳንቃ የምትሠራውም ታንኳ ተስፋፍታ ነበር። በካናዳ በኦንታሪዮ፥ በፒተርቦሮ ከተማ አካባቢ የሚኖሩ አናጢዎች የተወላጆቹን ታንኳ መልክ አብነት አድርገው ከቀጭን ሳንቃ ይሠሩ ጀመር። ፋብሪካም ተቋቁሞ ብዙ ታንኳ ተሸጠ። ነገር ግን ከ1945 ዓ.ም. ወዲህ ከአሉሚኒየም፥ ኋላም ከፕላስቲክ የተሠራ ታንኳ በርካሽ ስለ ተገኘ፥ የእንጨቱ ሥራ ደከመ። በዚህ ጊዜ ጥበቡን ያቆዩት ባለ ፋብሪካዎቹ ብቻ አይደሉም። አንዱ መምህር፥ አንዱ ሐኪም፥ አንዱ ገበሬ፥ አንዱም የቢሮ ጸሐፊ ሆነው፥ ከሥራቸው በኋላ ስለ ፍቅሩ ብቻ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። በ1979 ዓ.ም. በአሜሪካ የእንጨት ታንኳ ቅርስ ማኅበር የሚባል ማኅበር ተመሠረተ። የማኅበሩ ሰዎች በየዓመቱ ይሰበሰባሉ፤ አሮጌ ታንኳ እንዴት እንደሚጠገን፥ አዲስ ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ እርስ በርሳቸው ይማማራሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንሂድ። ከቀጫጭን እንጨት የምትሠራ ታንኳ ርዝመትዋ ብዙ ጊዜ 5 ሜትር ያህል ነው። ሠሪው አስቀድሞ ንድፍ ያስፈልገዋል። ረዥም ዳቦ በቢላዋ በየስንዝሩ ብትቈርጡ፥ እያንዳንዱ ቍራሽ የዳቦውን መልክ በዚያ ስፍራ ያሳያል። የታንኳም ንድፍ እንዲሁ ነው፤ ታንኳይቱ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ምን ያህል ሰፊና ጥልቅ እንደ ሆነች ያሳያል። ሠሪው ይህን መልክ በኮምፔንሳቶ ላይ ነድፎ በመጋዝ ይቈርጠዋል። እንዲህ የተቈረጠውም ቅርጽ ይባላል።

ከዚህ በኋላ ረዥምና ቀጥ ያለ አግዳሚ አዘጋጅቶ፥ ቅርጾቹን በተራ ያቆምበታል። ታንኳይቱ የምትሠራው ተገልብጣ ስለ ሆነ፥ የሆድዋ ታች ወደ ሰማይ ይሆናል። ሠሪው ገመድ ወጥሮ፥ ቱምቢም አንጠልጥሎ ቅርጾቹ በአንድ መሥመር መቆማቸውን ይመረምራል። አንዱ ቅርጽ ጥቂት ወደ ጐን ቢል፥ ታንኳይቱ ስትፈጸም ትጣመማለች፤ በውሃም ላይ ወደ አንድ ወገን እየሳበች ቀዛፊውን ታደክመዋለች። ጥመቱ በመጀመሪያ ቀን በመዶሻ አንድ ምት ይቃናል፤ እንጨቱ ከተጣበቀ በኋላ ግን አይቃናም።

እዚህ ላይ የባልንጀራ ዐይን ይጠቅማል። ሰው የገዛ ሥራውን ቀኑን ሁሉ ሲያይ ስለሚውል ዐይኑ ጥመቱን ይለምደዋል። አዲስ የመጣ ባልንጀራ ግን በአንዱ ጫፍ ቆሞ፥ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ሲመለከት ወዲያው ያየዋል። ይህ ቅርጽ ወደ ግራ አዘንብሏል ብሎ ሲነግረው፥ ትዕቢተኛ ሰው ይቈጣል፤ ብልህ ሰው ግን ያመሰግናል፥ ያቃናልም። እውነተኛ ወዳጅ ጥፋትን የሚነግረን ሳይመሽ ነውና።

ቅርጾቹ ከቆሙ በኋላ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ሴዳር ቀላልና በቶሎ የማይበሰብስ እንጨት ስለ ሆነ ይመረጣል። እያንዳንዱ ዘንግ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አንዱ ጠርዙ ይጐደጕዳል፤ ሁለተኛው ጠርዙ ይድበለበላል፤ ስለዚህ ሁለት ዘንጎች ሲገናኙ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሠሪው በጐድጓዳው ጠርዝ ላይ ኮላ ያፈሳል፤ የሚቀጥለውን ዘንግ ያጋጥማል፤ ኮላው እስኪደርቅም በሞርሳና በትንንሽ የሽቦ ምስማር ይይዘዋል። ከታንኳይቱ ከንፈር ጀምሮ ወደ ሆድዋ በግራም በቀኝም እየተፈራረቀ ይሄዳል። ዘንጎቹ ብዙዎች ናቸው፤ ሥራውም ትዕግሥት ይጠይቃል። 5 ሜትር የሚሆነውን ለስላሳ ዘንግ አንድ ሰው መካከሉን ቢይዘው ሁለቱ ጫፎች ይንቀጠቀጣሉ፤ ሊሰበርም ይችላል። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ሲይዙት ግን ያለ ችግር በስፍራው ይቀመጣል።

ዘንጎቹ ሁሉ ተጣብቀው ሲያልቁ ምስማሩ ይነቀላል፤ ታንኳይቱም በመላጊያ ትላጋለች፤ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት ትለሰልሳለች። ዐዋቂ ሠሪ በዚህ ጊዜ ዐይኑን ጨፍኖ መዳፉን በታንኳይቱ ላይ ያሳልፋል፤ ዐይን ያላየውን ጕብጠት መዳፍ ያገኘዋልና። የሴዳር ትቢያ ሳንባን ስለሚጐዳ፥ ሠሪው አፍና አፍንጫውን በመሸፈኛ ሊሸፍን ይገባዋል።

አሁን ከሥራው ሁሉ የሚያስፈራው ሰዓት ይመጣል። የእንጨቱ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ ለብቻው ድንጋይን አይችልም። ስለዚህ ከመስታወት ክር የተሠራ ነጭ ጨርቅ በታንኳይቱ ላይ ይዘረጋል፤ ኤፖክሲ የሚባል ፈሳሽ ሙጫም ይፈስበታል። ሙጫው ጨርቁን ሲያርሰው ነጩ ጨርቅ እንደ መስኮት ጥርት ይላል፤ እንጨቱም በሥሩ ይታያል። ሲደርቅ ሙጫው፥ ጨርቁና እንጨቱ አንድ አካል ይሆናሉ።

ኤፖክሲ ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚሠራ ነው። ከተቀላቀሉበት ጊዜ ጀምሮ ይጠነክራል፤ ማንንም አይጠብቅም። በሠሪው እጅ የሚቈየው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በጠባብና በጥልቅ ዕቃ ውስጥ ብዙ ቢቀመጥ ይግላል፤ ሊጨስም ይችላል፤ ፈጥኖም ድንጋይ ይሆናል። ቸኵሎ ማጠንከሪያውን ከልክ በላይ የሚጨምር ሰውም ሥራውን ያበላሻል እንጂ አያፋጥንም፤ የሁለቱ መጠን ባለ ፋብሪካው እንዳዘዘው መሆን አለበት። ኤፖክሲ የሰውን ቈዳ ስለሚያስቈጣ ያለ ጓንት አይነካም።

በዚህ ሰዓት አንድ ሰው ለብቻው ቢሆን፥ ሲቀላቅል ጨርቁ ይቀርበታል፤ ጨርቁን ሲዘረጋ የቀላቀለው ይጠነክርበታል። አንዳንድ ስፍራ ሳይርስ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ በዚያም ስፍራ ጨርቁ ከእንጨቱ ጋር አይጣበቅም፤ የብዙ ወራት ድካም በአንድ ቀትር ይበላሻል። ስለዚህ ባልንጀሮች ይጠራሉ። አንዱ እየለካ ይቀላቅላል፤ ሌላው ፈሳሹን በብሩሽ ያዳርሳል፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ ቆመው በፕላስቲክ መጥረጊያ ይገፉታል፤ አምስተኛው ደግሞ ያልራሰ ስፍራ እንዳይቀር በመብራት እየዞረ ይመለከታል። እያንዳንዱ ድርሻውን ዐውቆ ስለሚሠራ ጩኸት የለም፤ ጥድፊያም የለም።

በዚህ ሥራ የቈየ ባልንጀራ በመጽሐፍ ላይ ለማግኘት የሚያስቸግር ምክርም ይሰጣል። ለምሳሌ አዲስ ሠሪ፥ ጠዋት አየሩ መልካም ነው ብሎ በማለዳ ሥራውን ሊጀምር ይነሣል። ዐዋቂው ግን እስከ ማታ ቈይ ይለዋል። ምክንያቱም ፀሐይ እየሞቀች ስትሄድ በእንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፤ ወደ ውጭም እየወጣ በሙጫው ውስጥ አረፋ ያበጃል። ወደ ማታ ግን አየሩ እየበረደ ሲሄድ እንጨቱ ሙጫውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ይህን አንድ ቃል የሰማ ሰው ትልቅ ጕዳት ያመልጣል። ዐዋቂው ይህን የተማረው ምናልባት የራሱ ታንኳ ተበላሽታበት ነው፤ ለባልንጀራው ግን በነፃ ይሰጠዋል።

ውጭው ከጠነከረ በኋላ ታንኳይቱ ከቅርጾቹ ላይ ትነሣለች። ይህም ለብዙ እጅ የሚሆን ሥራ ነው፤ ውስጥዋ ገና ባዶ እንጨት ስለ ሆነ ትለምጣለችና። በጥንቃቄ ገልብጠው ያስቀምጧታል፤ ውስጥዋንም እንደ ውጭዋ ያለሰልሳሉ፤ ጨርቅና ሙጫ ያለብሷታል። ከዚያም በከንፈርዋ ዙሪያ ጠንካራ እንጨት ይገጠማል፤ ጐኖችዋ እንዳይከፈቱ አግዳሚ ይገባል፤ መቀመጫም ይሠራል። የፀሐይ ብርሃን ኤፖክሲን ስለሚጐዳ፥ በመጨረሻ ቫርኒሽ ትቀባለች። ይህ ሁሉ ሥራ ብዙ ጊዜ 200 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ተፈጽማ ስትመዘን ግን 25 ኪሎ ያህል ብቻ ናት፤ አንድ ብርቱ ሰው በትከሻው ይሸከማታል።

ታንኳይቱ አዲስ ስትሆን በመጀመሪያው ቀን ወደ ጥልቅ ውሃ አትወሰድም። በዳር፥ ሰው ቆሞ በሚደርስበት ስፍራ ትፈተናለች። የሚገባባትም ሰው በውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ሊለብስ ይገባዋል፤ ዋና ቢያውቅም ቀዝቃዛ ውሃ ኃይልን ያደክማልና። የታንኳ ሥራ እንደ ወንበር ሥራ አይደለም። ወንበር ቢሰበር ሰው ይወድቃል፥ ይነሣልም፤ ታንኳ በሐይቅ መካከል ብትከፈት ግን የሰው ነፍስ ይጠፋል። ባልንጀሮቹ ቅርጹን የሚመረምሩት፥ ያልራሰውንም ስፍራ በመብራት የሚፈልጉት ስለዚህ ነው።

ልጆች ሆይ፥ ይህ ነገር ለእናንተ እንግዳ አይደለም። በአገራችን ገበሬው መከር በደረሰ ጊዜ ጐረቤቶቹን ለደቦ ይጠራል፤ አንዱ ለብቻው በሳምንት የማይፈጽመውን በአንድ ቀን አጭደው ይሰጡታል። ነገ ደግሞ እርሱ በተራው ማጭዱን ይዞ ወደ ጐረቤቱ እርሻ ይወርዳል። የታንኳ ሠሪዎችም መረዳዳት እንዲሁ ነው። ዛሬ የተረዳ ሰው ነገ ይረዳል፤ ዛሬ የጠየቀ ነገ ይጠየቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፥ የብዙዎች ጥቂት ጥቂት ኃይል ሲገናኝ ትልቅ ሥራ ይሠራል።

ነገር ግን መረዳዳትም ሥርዓት አለው። ርዳታ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ራሱ ሊጥር ይገባዋል፤ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ሥሩልኝ የሚል ሰው ባልንጀራ ሳይሆን አገልጋይ ይፈልጋል። የሚረዳም ሰው ሥራውን ከባለቤቱ እጅ መንጠቅ የለበትም። መላጊያውን ነጥቆ የሚልግለት ሰው ታንኳውን ይጨርስለት ይሆናል፤ እጁን ግን አላስተማረውም። በትዕግሥት አጠገቡ ቆሞ እንዲህ ያዘው የሚለው ሰው ግን ሁለት ነገር ይሠራል፤ አንድ ታንኳና አንድ ታንኳ ሠሪ።

ጥበባቸውን የሚሸሽጉ ሰዎችም አሉ። ሌላው ቢያውቅ የእኔ ክብር ይቀንሳል ብለው ይፈራሉ። ዳሩ ግን ጐረቤት እሳት ቢጭር የባለቤቱ ምድጃ አይጠፋም። እንዲያውም አንድ ቀን የራሱ ምድጃ ቢጠፋበት፥ ከዚያው ካካፈለው ቤት እሳት ጭሮ ይመለሳል። ፒተር ጆ ለአንድ እንግዳ ልጅ ያሳየው ነገር፥ እርሱ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ዛሬም ይነበባል፤ ስሙም ከሥራው ጋር ይነሣል።

እናንተም በትምህርት ቤት ሳላችሁ ይህን አስቡ። ፊደል የለየ ያልለየውን ያስቈጥር፤ ሒሳብ የገባው ላልገባው ያስረዳ። ያላወቀም መጠየቅን አይፈር፤ ስሕተቱን የነገረውንም ባልንጀራ አይጥላው። ለሌላው ያልተነገረ ጥበብ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል፤ የተካፈሉት ጥበብ ግን ከሠሪው በኋላም ሰውን ያሻግራል።